ሁለት አባ ጅፋር፣ ሁለት ካሣ ኃይሉ፦ የታሪክ ሞክሼዎችን እንዴት እንለይ?

ጥያቄ፦ «ጅማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የጥያቄና መልስ ውድድር የታሪክ ጥያቄ እያዘጋጀሁ ግራ ገባኝ። አንዱ ወረቀት አባ ጅፋር በ1830 ነገሡ ይላል፤ ሌላው በ1932 ሞቱ ይላል። መቶ ዓመት ነግሠው ነው? ካሣ ኃይሉ ደግሞ አንድ ቦታ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ፣ ሌላ ቦታ ከጃንሆይ ጋር ተሰደዱ ተብሎ ተጽፏል። ተማሪዎቹ ስልክ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ስህተት ካገኙብኝ አይለቁኝም። እነዚህን ሞክሼዎች የምለይበት ዘዴ አለ?»

መልስ፦ እንኳን ጠየቁ፣ መምህርት። አይዞዎት፤ በዚህ ነገር ያልተምታታበት ሰው የለም። እኔም ጅማ ላይ ታሪክ ሳስተምርና የድሮ ሰነድ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። በሥራዬ አዘውትሬ የማገኘው ስህተት የቀን ወይም የቦታ ስህተት አይደለም። የሰው ስህተት ነው። ሁለት ሰው ተሰፍቶ አንድ ሰው ይሆናል። ተሰፍቶ የወጣው ሰው ደግሞ ከእውነተኞቹ ይበልጥ ጉደኛ ነው፤ መቶ ዓመት ይነግሣል፣ ከሞተ በኋላ ይሰደዳል።

ዋናውን ልንገርዎት። ስም ብቻውን ማንንም አይለይም። የአባት ስም የተጨመረበት ስም እንኳ ሁልጊዜ አይበቃም። «የማን ልጅ? የየት አገር? በየትኛው አቆጣጠር?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመልሱ የአንድን ሰው ታሪክ ወረቀት ላይ አያስፍሩ። የቀረው ማብራሪያ ነው። ማብራሪያው ግን ጣፋጭ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው።

ከቤታችን እንጀምር። የጅማ ነገሥታት ዝርዝር ውስጥ አባ ጅፋር ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ሳና ይባሉ ነበር፤ የአባ መጋል ልጅ ናቸው። ከ1830 እስከ 1855 ነገሡ። ሁለተኛው ቱሉ ይባሉ ነበር፤ የአባ ጎሞልና የጌኔ ጉሚቲ ልጅ ናቸው። ከ1878 እስከ 1932 ነገሡ። እዚህም ሆነ ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ብዬ ካልጨመርኩ አቆጣጠሩ የአውሮፓ ነው፤ የአቆጣጠሩ ጣጣ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እመለስበታለሁ። በሁለቱ መካከል ሃያ ሦስት ዓመትና ሦስት ነገሥታት አሉ፦ አባ ሬቡ፣ አባ ቦካ፣ አባ ጎሞል። ወረቀቶችዎ እነዚህን ሦስቱን ዘለው ነው ሁለቱን ያገናኙት።

አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው። ሳና እና ቱሉ የሚሉት የተጸውዖ ስሞች ቀስ በቀስ ከሰው አፍ ወጡና የፈረስ ስሙ ብቻ ቀረ። ቢቀር ባልከፋ። ግን «ቀዳማዊ» እና «ዳግማዊ» የሚሉት ቅጥያዎችም አብረው ይረሳሉ። ስታዲየም ውስጥ «አባ ጅፋር!» እያለ የሚጮኽ ደጋፊ ቁጥር አይጠራም። የጅማው ክለብ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው ሁሉ ይህን ስም ሲጠራ አደረ። የትኛውን እንደጠራ ብትጠይቁት ግን ዘጠኙ ከአሥሩ ዳግማዊውን ነው የሚልዎት። ትውስታው ቅርብ ነው፤ ፎቷቸውም አለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በጣም ይምታታል። አንደኛው ዝምድናቸው ነው። ሰው ሁሉ ዳግማዊውን የቀዳማዊው ልጅ፣ ቢበዛ የልጅ ልጅ ያደርጋቸዋል። አይደሉም። ቀዳማዊው ሲሞቱ ልጃቸው አባ ሬቡ ነገሡ። ብዙም አልቆዩም፤ ጎረቤት መንግሥታት አብረው ዘመቱባቸውና በ1859 ጦርነት ላይ ሞቱ። ያኔ ዙፋኑ ወደ ቀዳማዊው ወንድም ወደ አባ ቦካ ዞረ። ከአባ ቦካ ወደ ልጃቸው ወደ አባ ጎሞል፣ ከአባ ጎሞል ወደ ቱሉ ሄደ። ስለዚህ ቀዳማዊ አባ ጅፋር ለዳግማዊው የአያታቸው ወንድም ናቸው። ይህን ለውድድሩ ከባድ ጥያቄ ማድረግ ይችላሉ፤ የሚመልሰው ተማሪ ሽልማት ይገባዋል።

ሁለተኛው ደግሞ የሥራቸው ክፍፍል ነው። የግዛቱ ስም «ጅማ አባ ጅፋር» የተባለው በቀዳማዊው ነው። እስልምና የቤተ መንግሥቱ ሃይማኖት የሆነውም በእሳቸው ዘመን ነው። ጅሬንን መቀመጫ ማድረግም ከእሳቸው ይጀምራል። ዛሬ ተማሪ ይዘን የምንጎበኘው የእንጨት ቤተ መንግሥት ግን የዳግማዊው ነው። ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው ግዛታቸውን ከጦርነት ያዳኑት፣ በ1897 በካፋ ዘመቻ ጦራቸውን ያሰለፉት፣ ሃምሳ አራት ዓመት የነገሡት ዳግማዊው ናቸው። ቦታው አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ዙፋኑ አንድ ሲሆን ሰው ቢምታታበት አይፈረድበትም።

አንድ ጊዜ ጅሬን ግቢ ውስጥ የመጡ ተማሪዎች መምህራቸውን ከበው ቆመው ነበር። መምህሩ ወደ ሰገነቱ እያሳዩ «አባ ጅፋር እስልምናን የተቀበሉት እዚህ ቤት ውስጥ ነው» አሉ። አንዲት ልጅ ቤተ መንግሥቱ መቼ ተሠራ ብላ ጠየቀች። መልሱን ከአስጎብኚው ሰማች፤ ጣቷን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች። ስትጨርስ መምህሩን ቀና ብላ አየቻቸው። ምንም አላለችም። መምህሩም ወደ መስጊዱ እንሂድ አሉ። እርስዎ የፈሯቸው ስልክ የያዙ ተማሪዎች ናቸው፤ እኔ የምፈራው ግን በጣት የሚቆጥሩትን ነው።

በነገራችን ላይ ቀላል መፈተሻ አለ። «ቀዳማዊ አባ ጅፋር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፎቶግራፍ ካዩ ጽሑፉ ስህተት ነው። በ1855 የሞተ የጅማ ንጉሥ ፎቶ አልተነሣም። የምናያቸው ያ ግዙፍ ቁመና ያላቸው ሰው ዳግማዊው ናቸው። ቴሌግራም ላይ ይህ ስህተት በየሳምንቱ ይዞራል፤ አንዱ ከሌላው ኮፒ ያደርጋል፣ ማንም ቆም ብሎ አይጠይቅም።

የጊቤን ነገሥታት ሳንለቅ አንድ ወጥመድ ልጨምር። «አባ ጎሞል» ጅማ ብቻ ሳይሆን ሊሙ ኢናሪያ ውስጥም አለ። «አባ መጋል» ጅማም አለ፣ ጌራም አለ። ጣሊያናዊው ተጓዥ አንቶኒዮ ቼኪ በ1879 ጌራ ላይ ተይዞ ሲታሰር ያሰረችው የአባ መጋል መበለት ነች ተብሎ ይጻፋል። ልክ ነው፤ ግን የጌራው አባ መጋል። የጅማውን አባ መጋል ያሰበ አንባቢ የቀዳማዊ አባ ጅፋርን እናት ሃምሳ ዓመት ወደፊት ወስዶ ጌራ ላይ ያስቀምጣታል። ስለዚህ የጊቤ ንጉሥ ስም በጻፉ ቁጥር ከስሙ በፊት አገሩን ያስቀድሙ፦ የጅማው፣ የሊሙው፣ የጌራው፣ የጎማው፣ የጉማው። አምስቱ ተጎራባቾች ነበሩ፤ ስም ይዋዋሳሉ።

አሁን ወደ ካሣ እንሂድ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የምወደው ይህን ነው።

በአሥራ ዘጠነኛውና በሃያኛው ክፍለ ዘመን ታሪካችን ውስጥ ሦስት ትልልቅ ካሣዎች አሉ። አንደኛው የቋራው ካሣ ኃይሉ ናቸው፤ በ1855 ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት። ሁለተኛው የተምቤኑ ካሣ ምርጫ ናቸው፤ በ1872 አክሱም ላይ አራተኛው ዮሐንስ ተብለው የነገሡት። ሦስተኛው ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ናቸው፤ የሰላሌው፣ የፍቼው። እኒህ አልነገሡም። በ1881 ተወልደው በ1956 ሞቱ።

ያስተውሉ፤ አንደኛውና ሦስተኛው ስማቸው ብቻ ሳይሆን የአባታቸውም ስም አንድ ነው። እርስዎን ያሳሳተዎት ይኸው ነው። መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን የጠጡት የቋራው ናቸው። በጣሊያን ጊዜ ከጃንሆይ ጋር የተሰደዱት የሰላሌው ናቸው። የቋራው ሲሞቱ የሰላሌው ገና አልተወለዱም፤ አሥራ ሦስት ዓመት ይቀራቸዋል።

እንግዲህ የአባት ስም አልለይ ሲል ወደ አያት ነው የሚኬደው። የቋራው ካሣ አያት ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። የሰላሌው ካሣ አያት ወልደ ኪሮስ ናቸው፤ አባታቸው ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ኪሮስ የላስታ ሰው። እናትም ትለያለች። የቋራው እናት ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው፤ የሰላሌው እናት የራስ ዳርጌ ልጅ ትሰሜ ዳርጌ። አገራችን ላይ ሰው ሲተዋወቅ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ያለ ነገር ነው። ታሪክ ስንጽፍ ግን ምን እንደሚይዘን አላውቅም፣ አባት ላይ እንቆማለን።

ሁለተኛው ካሣ የሚገባበት ወጥመድ ደግሞ ተምቤን ነው። ካሣ ምርጫ የተምቤን ተወላጅ ናቸው። ራስ ካሣ ደግሞ በ1936 የሰሜን ጦር አዛዥ ሆነው ተምቤን ላይ ከጣሊያን ጋር ተዋግተዋል። «ካሣ» እና «ተምቤን» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ይዞ የሚፈልግ ተማሪ ሁለቱንም ያገኛል። ከዚያ ስልሳ ዓመት ልዩነት ያላቸውን ሁለት ሰዎች አንድ ጦር ሜዳ ላይ ያቆማቸዋል።

በዚህ ሁሉ ላይ ታሪክ ራሱ ይቀልዳል። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት መንገድ የሰጠው፣ ስንቅ እንዲያገኝ የረዳው የትግራዩ ካሣ ነው። ናፒየር ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ትቶለት ሄደ። በዚያ መሣሪያ ነው ካሣ ምርጫ በ1871 አድዋ አጠገብ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን አሸንፈው ወደ ዙፋን የወጡት። ስለዚህ «ካሣ በካሣ ላይ ተነሣ» ብሎ የጻፈ ሰው አልተሳሳተም፤ ማን ማን እንደሆነ ካልጻፈ ግን አንባቢው አበደ። የፈረስ ስም እዚህ ላይ ጥሩ መድኃኒት ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ። ሽለላና ፉከራ ውስጥ የተጸውዖ ስም ሳይጠራ የፈረስ ስም ብቻ ሲጠራ የሚሰማው ሰው ሁሉ ማን እንደተባለ ያውቅ ነበር። ጅማ ላይ ያምታታን የፈረስ ስም ጎንደርና ትግራይ ላይ ይለይልናል ማለት ነው።

የራስ ካሣን ነገር በዚህ አልተወውም፤ በሞክሼያቸው ጥላ ሥር ስለሚደበቁ። በ1936 መጨረሻ ሦስት ልጆቻቸውን ጣሊያን ገደለባቸው፦ ወንድወሰንን፣ አበራንና አስፋ ወሰንን። አባት ስደት ላይ ነበሩ። የተረፈው ልጃቸው አስራተ ካሣ ደግሞ በ1974 በደርግ እጅ ተገደለ። ለውድድር ጥያቄ ባይሆንም ለክፍል ውይይት ይሆናል።

ቀጥሎ ያለው የበለጠ አደገኛ ነው፤ ስም ያጠፋል። ተማሪ ያቀረበውን ጽሑፍ አይቼ ነው የምልዎት። «ኃይለ ሥላሴ በ1935 ለጣሊያን ገብተው መቀሌን አስያዙ» ይላል። ልጁ የፈጠረው ነገር የለም፤ «ኃይለ ሥላሴ» የሚል ስም አንብቦ ነው። ያነበበው ግን ስለ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ነው፤ የትግራዩ ራስ ጉግሣ አርአያ ልጅ። እኚህ ሰው የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ልዕልት ዘነበወርቅን አግብተው ነበር። ወረራው ሲጀመር ወደ ጣሊያን ገቡ። አማችና አማት አንድ ስም፣ አንዱ ከዳ፣ አንዱ ተሰደደ። «ጉግሣ» የምትለዋን አንዲት ቃል መዝለል ንጉሡን ባንዳ ታደርጋቸዋለች። በንጉሡ ላይ የፈለግነው አስተያየት ሊኖረን ይችላል፤ ያልሠሩትን ግን አንጫንባቸው።

ጉግሣም ቢሆን አንድ አይደለም። የየጁው ራስ ጉግሣ መርሳ አሉ፤ በዘመነ መሳፍንት ጎንደርን በእጃቸው ያደረጉ፣ በ1825 የሞቱ። ራስ ጉግሣ ወሌ አሉ፤ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ ባል የነበሩ፣ በመጋቢት 1930 አንቺም ላይ የተገደሉ። ከዚያ ከላይ ያነሣኋቸው የትግራዩ ራስ ጉግሣ አርአያ። ሦስቱም ራስ ናቸው፤ ስለዚህ ማዕረግ እዚህ አይረዳም። አባታቸውን ይጻፉ፣ ያበቃል።

ማዕረግን ካነሣን፣ ብዙ ሰው በማዕረግ ለመለየት ይሞክራል። አይመከርም። ማዕረግ ያድጋል። ተፈሪ ደጃዝማች ነበሩ፣ ራስ ሆኑ፣ ንጉሥ ሆኑ፣ ከዚያ ንጉሠ ነገሥት። ሦስት ወረቀት ላይ ሦስት ማዕረግ ያየ ተማሪ ሦስት ተፈሪ ይቆጥራል። የጎጃሙ አዳል ተሰማም እንዲሁ ናቸው፤ ራስ አዳል ይባሉ የነበሩት በ1881 ንጉሥ ሲሆኑ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ስምም ማዕረግም በአንድ ቀን ተቀየረ።

እኚህ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለጅማ ቅርብ ስለሆኑ ትንሽ ልቆይባቸው። ሲነግሡ የተሰጣቸው ስልጣን የጎጃምና የካፋ ንጉሥ የሚል ነበር። ማለትም የእኛ አካባቢ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ የሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ዓይናቸው ውስጥ ነበር። የሸዋው ምኒልክም ያንኑ ይፈልጉ ነበር። ሰኔ 1882 እምባቦ ላይ ተጋጠሙ፤ ምኒልክ አሸነፉ፣ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። ወጣቱ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ሆነው ይህን ሰሙ። ለማን ግብር እንደሚገባ ከዚያ በኋላ ግልጽ ነበር። እናታቸው ጌኔ ጉሚቲ አትዋጋ ብለው መከሯቸው ይባላል።

አሁን «ተክለ ሃይማኖት» ብለው ቢፈልጉ ማን ማን ይወጣል? የደብረ ሊባኖሱ ጻድቅ፣ የአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን። ጎንደር ላይ የነገሡ ሁለት ዐፄዎች። የጎጃሙ ንጉሥ። በደርግ ዘመን ከ1976 እስከ 1988 ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት። የጻድቁ ስም ስለሆነ ሌሎቹ ሁሉ በእሱ ተሰየሙ፤ ይህ ግልጽ ነው። ተማሪዎ ግን እምባቦ ላይ ጻድቁን አሰልፎ እንዳያዋጋ ይጠንቀቁ። እንደዚያ ያለ መልስ አንብቤ አውቃለሁ።

አንዳንዱ ሞክሼነት ደግሞ ድንገተኛ አይደለም፤ ታስቦበት ነው። ቀዳማዊ ቴዎድሮስ በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይነግሡ ያለፉ ንጉሥ ናቸው። ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ መጥቶ ፍትሕና ሰላም ያመጣል የሚል ትንቢት ግን በሕዝቡ ዘንድ ይነገር ነበር። የቋራው ካሣ ሲነግሡ ያንን ስም መረጡ። የሸዋው ሣህለ ማርያምም ምኒልክ ሲባሉ የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ልጅ ስም ነው የለበሱት። እነዚህን ነገሥታት ከሞክሼዎቻቸው መለየት ቀላል ነው፤ አራት መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ መሃላቸው ገብቷል። የሚያስቸግረው ስሙን የመረጡበትን ምክንያት መዝለል ነው።

ሚካኤልን በአጭሩ ልበል። ራስ ሚካኤል ስሑል በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ከትግራይ መጥተው ጎንደር ላይ ንጉሥ የሚሾሙ የሚሽሩ ነበሩ፤ ዐፄ ኢዮአስ በ1769 የተገደሉት በእሳቸው ትእዛዝ ነው። ንጉሥ ሚካኤል የወሎው ናቸው፤ ቀድሞ መሐመድ ዓሊ፣ የልጅ ኢያሱ አባት፣ በ1916 ሰገሌ ላይ የተማረኩት። ልጃቸው በ1914 ሲያነግሧቸው ግዛታቸው የወሎና የትግራይ ተባለ። «ሚካኤል የሚባል የትግራይ ገዥ ማነው?» ብለው ከጠየቁ ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥያቄውን አይጠይቁ።

መንግሥቱም ሁለት ነው፤ ሁለቱም ወታደር፣ ሁለቱም በአንድ ንጉሥ ላይ የተነሡ። ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀረና በስቅላት ተቀጡ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የደርጉ ናቸው። እዚህ ላይ ነው የአቆጣጠሩ ጣጣ የሚመጣው። የመጀመሪያው ሙከራ በአውሮፓ አቆጣጠር 1960 ነው። ተማሪው «በ1960 መንግሥቱ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ» የሚል ያነባል። ዓ.ም. መስሎት ከ1966ቱ አብዮት ስድስት ዓመት ብቻ ይርቃል ብሎ ያስባል። ከዚያ ሁለቱ መንግሥቱዎች አንድ ለመሆን ምንም አልቀራቸውም። ተሰፉ።

ስለ ዘመን አቆጣጠር ቀድሜ ያስጠነቀቅኩት ለዚህ ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ሁለት ሰውን አንድ ያደርጋል፤ አንድ ሰውንም ሁለት ያደርጋል። ቴዎድሮስ አንድ መጽሐፍ ላይ በ1860፣ ሌላው ላይ በ1868 ሞቱ ተብሎ ይገኛል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ውድድሩ ላይ ግን ሁለት ተማሪ ሁለት ቁጥር ይዘው ሲከራከሩ ዳኛዋ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ሁሉንም ጥያቄዎችዎን በአንድ አቆጣጠር ይጻፉና የትኛው እንደሆነ ከመጀመሪያው ያሳውቁ። የጊቤ ነገሥታትን ዘመን የሚሰጡት ጽሑፎች አብዛኞቹ በአውሮፓ ስለሆኑ እኔ በዚያው ሄድኩ። እርስዎ በእኛው መሄድ ከፈለጉ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንሱ፤ ወሩን የማያውቁት ከሆነ ግን ዓመቱን ባይቀይሩት ይሻላል።

ዘርአ ያዕቆብ ይጠየቁ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ይጠየቃሉ። ንጉሡ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡ፣ መጽሐፈ ብርሃንን ያጻፉ ናቸው። «ፈላስፋው» ዘርአ ያዕቆብ የሐተታው ባለቤት ተብሎ የሚታወቀው ነው፤ ዘመኑ አሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ይባላል። ሐተታውን በእርግጥ እሱ ጻፈው ወይስ አንድ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ደረሰው በሚለው ምሁራን አልተስማሙም። እንደዚህ ያለ ያልተዘጋ ክርክር ለጥያቄና መልስ አይሆንም። ይዝለሉት።

ወደ ሥራዎ ልመለስ። ጥያቄዎችዎን እንዲህ አድርገው ቢጽፉ ኖሮ ምንም ባልተጨነቁ ነበር። «አባ ጅፋር መቼ ነገሡ?» በሚለው ፋንታ «የአባ ጎሞል ልጅ አባ ጅፋር ስንት ዓመት ነገሡ?» ይበሉ። መልሱ ሃምሳ አራት ነው፤ ማንም አይከራከርም። «ጅማ አባ ጅፋር የሚለው የግዛቱ ስም በየትኛው አባ ጅፋር ተሰየመ?» የሚለው ጥሩ ማጥመጃ ነው፤ ግማሹ ክፍል ዳግማዊ ይላል። «ካሣ ኃይሉ ማን ናቸው?» የሚለውን ይጣሉት። በምትኩ «የወልደ ኪሮስ የልጅ ልጅ ካሣ ኃይሉ በ1936 የት ግንባር ተዋጉ?» ይበሉ። መልሱ ተምቤን ነው።

ማስታወሻ ሲይዙም እኔ የማደርገውን ይሞክሩ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁራጭ ካርቶን እይዛለሁ። ከላይ የሚታወቅበትን ስም፣ ከሥር የተጸውዖ ስሙን፣ አባቱንና አያቱን፣ የፈረስ ስሙን ካለ፣ አገሩን፣ የሞተበትን ዓመት ከነአቆጣጠሩ እጽፋለሁ። የልደት ዓመት ብዙ ጊዜ በግምት ስለሚጻፍ አልታመንበትም፤ የሞት ዓመት ይሻላል። አዲስ መረጃ ሲመጣ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ፣ ሰውየው ሞቶ ከሆነና መረጃው በሕይወት እንዳለ ካደረገው፣ ሁለተኛ ካርቶን መክፈት ግዴታ ነው። የጅማዎቹን ስድስት ነገሥታት ከአባ ጅፋር ቀዳማዊ እስከ አባ ጆቢር በአንድ ረድፍ ደርድሬ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። አባ ጆቢር የዳግማዊው የልጅ ልጅ ናቸው፤ የጅማ ራስ ገዝነት ያበቃው በ1932 በእሳቸው ጊዜ ነው። ይህንንም ሰው ለአያታቸው ይሰጣል፣ ልብ ይበሉ።

አንድ የዳኝነት ምክር ልጨምር። ተማሪ ተነሥቶ «አባ ጅፋር» ብቻ ብሎ ቢመልስ ስህተት አይበሉት፤ ሙሉ ነጥብም አይስጡት። «የማን ልጅ?» ብለው ይጠይቁት። አባቱን ከጠራ ሙሉውን ይስጡት። ካልጠራ ግማሹን ይስጡና ጥያቄውን ለሌላው ቡድን ያስተላልፉ።